የኮርስ መምረጫው ዓርብ ይመለሳል፤ ልጄ ለከርሞ ምን ትውሰድ?

ክሩ (በመድረካችን ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረደረው ውይይት) ረዝሞ ለደረሳችሁበት ሁሉ፦ መልሶቹን በየተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። አንዳንዱ ሦስት መስመር የሚበቃውን በሠላሳ ጽፎታል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንዳለ ቢወጣ ያቀያይማል። በየመሀሉ ጣል የማደርገውን የራሴን ሐሳብ እንደ አወያይ ሳይሆን እንደ ወላጅ ቁጠሩልኝ።

መነሻው። ጠያቂው ሜሪላንድ የሚኖሩ፣ ሆቴል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ አባት ናቸው። ልጃቸው ዘጠነኛ ክፍል ናት። ፌብሩዋሪ ሲገባ የመጪውን ዓመት የኮርስ መምረጫ ቅጽ ይዛ መጣች፤ ዓርብ መመለስ አለበት። ከካውንስለሯ (ከትምህርት ቤቱ አማካሪ) ጋር ተነጋግራለች፤ ወሬው ግን ከሩብ ሰዓት አላለፈም፣ ቅጹም ከዳር እስከ ዳር ምሕጻረ ቃል ነው። ልጅቷ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ ትላለች። ዘንድሮ አልጀብራ 1 ላይ ናት፤ ለከርሞ ጂኦሜትሪ፣ ተራ ኬሚስትሪና ሴራሚክስ ተሞልቶላታል። አባትየው ሴራሚክስ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ጭቃ አድቦልቡሎ ሳህንና ማሰሮ መሥራት መሆኑ ተነገራቸውና ደማቸው ፈላ። ሁለት ነገር ጠየቁ። ለነርስነት የሚበጀው የትኛው ኮርስ ነው? ትምህርት ቤቱስ የእኛን ልጆች እያወቀ ቀላል ክፍል ውስጥ ነው ወይ የሚከታቸው? አገር ቤት ነገሩ ግልጽ ነበር ይላሉ፤ ናቹራል ወይም ሶሻል፣ አንዴ መርጠህ ትገባለህ። እዚህ ግን ምርጫው መቼ እንደሚካሄድ እንኳ አላወቁም።

የጥያቄው ልብ ይሄ የመጨረሻው ይመስለኛል። እዚህ አገር ናቹራልና ሶሻል ብሎ የሚለይ አንድ ቀን የለም። ምርጫው በየዓመቱ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ፣ በአንዲት ቅጽ፣ ጥቂት በጥቂት ያልፋል። ወላጅ ሲነቃ ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሷል።

መልስ 1። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ እናት ሰላምታውንና ምርቃቱን አስቀድመው፣ አባትየው ከመቆጣታቸው በፊት ሴራሚክሱን ማን እንደሞላው ልጅቷን ቢጠይቋት ጥሩ እንደሆነ መከሩ። ልጁ ያልሞላውን ቦታ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሞላበት ጊዜ አለ፤ ልጅቷ ራሷ መርጣው ከሆነ ደግሞ ምክንያቷን መስማት ነው። አጭርና ጨዋ መልስ ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

መልስ 2። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ። ክሩን መሬት ያስረገጠችው እሷ ናት። ነርሲንግ ኮሌጅ የሚጠይቃቸውን ዘረዘረች፦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ከአንድ እስከ ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሳይኮሎጂ፣ ስታትስቲክስ። እነዚህ የኮሌጅ ኮርሶች ናቸው፤ ሃይስኩል ላይ የሚጣለው መሠረታቸው ነው። ስለዚህ ኬሚስትሪው በአሥረኛ፣ ትምህርት ቤቱ አናቶሚ ካለው በአሥራ አንደኛ ወይም በአሥራ ሁለተኛ፣ ሒሳቡ እስከ አልጀብራ 2 ከዚያም ስታትስቲክስ ቢሆን ጥሩ ነው ባይ ናት። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (በአካባቢ የሁለት ዓመት ኮሌጅ) አሶሺየት ዲግሪ የያዘችውም በዩኒቨርሲቲ ባችለር የያዘችውም ፈቃድ ለማግኘት የሚቀመጡበት ፈተና ያው አንዱ ኤንክሌክስ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ገንዘቡን አስልቶ መንገዱን መምረጥ እንደሚችልም ጨመረች።

ሰው የሚወድቀው በከባድ ሒሳብ አይደለም፣ በመድኃኒት ልክ ስሌት ነው አለች። ምሳሌም ሰጠች፦ ሐኪሙ 500 ሚሊግራም ቢያዝ፣ ጠርሙሱ ላይ ደግሞ በ5 ሚሊሊትር 125 ሚሊግራም የሚል ቢጻፍ፣ ስንት ሚሊሊትር ይቀዳል? ከታች ሦስት ሰዎች መልሱን ጻፉ፤ አንደኛው 25 አለ። (20 ነው። 25 ያሉት ሰው በኋላ ስለ አገር ቤት ትምህርት ጥራት ረጅም ጽሑፍ ጽፈዋል።) ስትጨርስ ግን ካልኩለስ ለነርስ አያስፈልግም ብላ በድፍረት አስቀመጠች፤ እስከ መልስ 21 የዘለቀው ጭቅጭቅ እዚያ ላይ ተወለደ።

መልስ 3። ቨርጂኒያ የሚኖር መሐንዲስ፣ በትሕትና ጀምሮ በቁጣ የጨረሰ። የነርሷን ዝርዝር አልተቃወመም። የተቃወመው በዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቃል ላይ ቤት መሥራትን ነው። የሒሳቡ መሰላል ይታወቃል፦ አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። አልጀብራ 1ን በስምንተኛ የጨረሰ ልጅ በአሥራ ሁለተኛ ካልኩለስ ይደርሳል፤ በዘጠነኛ የጀመረ ግን በአሥራ ሁለተኛ የሚያገኘው ፕሪካልኩለስን ነው። ልጅቷ ነገ ኢንጂነሪንግ ወይም ፋርማሲ ብትል ካልኩለስ ይጠየቃል፤ ያልደረሰ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ የኋላውን ሲያሟላ አንድ ዓመት ይበላበታል፣ ያውም እየከፈለ። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ጂኦሜትሪውን በሰመር ኮርስ ማለፍ፣ ወይ በአሥረኛ ጂኦሜትሪና አልጀብራ 2ን ጎን ለጎን መውሰድ። ይህን ማንም እንደማይነግራቸው፣ ራሱም ያወቀው ለሁለተኛ ልጁ ሲደርስ መሆኑን ነው በቁጣ የጻፈው።

መልስ 4። አባትየው ተመለሱ። አመስግነው፣ ጎን ለጎን የሚለው በአንድ ዓመት ሁለት ሒሳብ ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። (አዎ።) በመሀሉ ግን ሴራሚክሱን ሰርዘው በቦታው አንድ ኤፒ ኮርስ (ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) እንደጻፉበት ተናገሩ። የትኛው ኤፒ እንደሆነ አላስታወሱም፤ ኤፒ መሆኑ በቅቷቸዋል።

መልስ 5። ደፍሮ የገባ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። አማርኛው ከብዙዎቻችን ይሻላል። አምና በአንዴ አራት ኤፒ መውሰዱን፣ ሜይ ላይ ፈተናዎቹ ሲደራረቡ ከ1 እስከ 5 ከሚሰጠው ውጤት በአንዱ 5 በሌላው 2 ማግኘቱን፣ 2 ያመጣበት ዓመት ሙሉ ሲለፋበት የከረመው እንደነበር ጻፈ። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ3 ወይም ከ4 ጀምሮ ክሬዲት ይሰጣሉ፣ ማለትም ኮርሱን እንደተወሰደ ይቆጥሩታል፤ ለ2 የሚሰጥ ግን እምብዛም የለም። ምክሩ፣ ልጅቷ የቤት ሥራውን ያለ ጭቅጭቅ የምትሠራለትን አንድ ወይም ሁለት ኤፒ መርጣ እሱን በደንብ ብትይዝ ይሻላል የሚል ነው። ኤፒ የሚለውን ስም ብቻ አይቶ መጻፍ እንደማይጠቅምም ተናገረ፤ ኮምፒውተር ሳይንስ እንኳ ሁለት ዓይነት ኤፒ አለው፣ አንዱ ጠቅላላ ዕውቀት፣ ሌላው ጃቫ ፕሮግራሚንግ። ስማቸውን ባይጠራም አባትየውን ነክቷቸዋል።

መልስ 6። አንዲት እናት በሁለት መስመር ክሩን ገለበጡት። ሜሪላንድ ውስጥ ለመመረቅ ከሚያስፈልጉት 21 ክሬዲቶች አንዱ የሥነ ጥበብ ክሬዲት ነው፤ ሴራሚክስ እሱን ያሟላል። ዘንድሮ ቢሰረዝ ለከርሞ ይጠብቃል፣ ሳይወሰድ ግን ምርቃት የለም። ሒሳቡም አራት ክሬዲት ነው። እኚህ ሴት ተራ ወላጅ መሆናቸውን፣ የምርቃት መስፈርቱን አትመው ማቀዝቀዣው በር ላይ እንደለጠፉት ጻፉ። ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል ይህንን አድርጉ እላለሁ።

መልስ 7። እዚህ ላይ ነው የሻከረው። አንድ ሰው የእኛ ልጆች ጭቃ ሲያቦኩ የሌላ አገር ልጆች ሐኪም እንደሚሆኑ፣ ልጅ የሚፈልገውን አያውቅምና አባት መወሰን እንዳለበት፣ መልስ 5ን የጻፈውም ልጅ ታላላቆቹ ሲነጋገሩ ገብቶ መምከሩን ትቶ ትምህርቱን ቢያጠና እንደሚሻለው ጻፈ። ስለ ሌሎች ሕዝቦች የጻፈውን ሁለት መስመር አጥፍቻለሁ፤ ሌላው አለ። ልጁ ካጠናው በላይ ምን ያጥና?

መልስ 8። ለ7 የተሰጠ፣ ከኒው ጀርሲ። ታላቅ እህቷ በአባታቸው ውሳኔ ፋርማሲ ገብታ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ አቋርጣ፣ ዕዳውን ዛሬም እየከፈለች የምትሠራው ሌላ ሥራ ነው። አባትየው እስካሁን ለጠያቂ ሁሉ ፋርማሲ ላይ ናት እያሉ ነው የሚመልሱት። ጸሐፊዋ አባቷን አልወቀሰችም፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ አንድም ሰው ፋርማሲስት ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ለእህቷ አሳይቷት አለማወቁ ነው አለች። ልጁ ሙያውን ሳያየው ኮርስ አይመረጥለት፣ አንድ ቀን ይሁን ሁለት ቀን ሥራ ቦታ ሄዶ ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ ከእሷ መጣ። ነርሷ ወዲያው ከታች ልጅቷን ወደ ሆስፒታላቸው የበጎ ፈቃድ ክፍል ልትመራት እንደምትችል ጻፈችላቸው።

ከ9 እስከ 11። 7 እና 8 ተመላለሱ። አሳልፌዋለሁ።

መልስ 12። አንዲት ሴት ሃይስኩል እያሉ ኮሌጅ መማርን አነሳች። ሜሪላንድ በ2021 ባጸደቀችው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ መሠረት ለኮሌጅ ዝግጁ ነው የሚያሰኘውን መለኪያ ያሟላ ተማሪ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲማር የትምህርቱን ክፍያ ቤተሰብ አይከፍልም፤ የመጽሐፉ ወጪ እንደየካውንቲው (እንደየወረዳው) ነው። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለች ሳይኮሎጂና እንግሊዝኛ ጨርሳለች። ወዲያው መልስ 13 ከቨርጂኒያ ገብቶ፣ በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መካከል ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል መርሐ ግብር መኖሩን፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገና ሲገባ የሚወሰዱት ኮርሶች እስከ ባችለሩ ድረስ ተቆጥረው እንደሚታወቁ ጨመረ። ሁለቱም ጠቃሚ ነበር።

መልስ 14 ግን ማስጠንቀቂያ ነው፣ ይህንንም ሳላሳጥር ላቆየው ፈልጌ ነበር። የኮሌጅ ኮርስ ውጤት የኮሌጅ ትራንስክሪፕት ላይ ይቀራል። የእኚህ ሰው ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ባዮሎጂ ገብቶ፣ ማንም ሳይነግረው መማር አቆመ፤ በቀነ ገደቡ ስላልሰረዘው ኤፍ ገባ። ኮሌጁ እንደ ሃይስኩል ለወላጅ አይደውልም፤ ኢሜይሉ የሚሄደው ለተማሪው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ነርሲንግ ሲያመለክት ያ ኤፍ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ድጋሚ ወስዶ ቢያሻሽለውም የመጀመሪያው መታየቱን አልተወም። ነጻ ነው ተብሎ አይዘለልበትም ነው የሚሉት።

መልስ 15። ከአዲስ አበባ ገና የመጣ ቤተሰብ። ልጁ አገር ቤት አሥረኛን ጨርሶ መጥቶ ዘጠነኛ ክፍል ተመደበ። አባትየው ቁጡ ሳይሆን ግራ የገባቸው ናቸው። የልጁ የባዮሎጂ 78 እዚህ ሲ ፕላስ ተብሎ ተቆጠረ፤ እዚያ 78 ያመጣ ልጅ እኮ ቤት ውስጥ ይሞገስ ነበር። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስቱንም ጎን ለጎን ተምሯል፤ ትምህርት ቤቱ ግን እንደ አንድ ሳይንስ ነው የቆጠረው።

መልስ 16። ለዚህ የተሰጠው መልስ በትምህርት ቤቶች የምታስተረጉም ሴት የጻፈችው ነው፤ በሙያዋ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። እዚህ ባዮሎጂ አንድ ዓመት ተወስዶ የሚያልቅ አንድ ኮርስ ስለሆነ መዝጋቢው የእኛን አቆጣጠር ሲያይ ይደናገራል። ከላኪው ትምህርት ቤት የየትምህርቱን ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜና የውጤት አሰጣጡን የሚያስረዳ ደብዳቤ በማኅተም ማስመጣት፣ ከዚያ የክሬዲት ግምገማው እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ መጠየቅ። ትራንስክሪፕቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉም ላያስፈልገው ይችላል፤ የሚያስፈልገው ማብራሪያ ነው። ጽሑፍ ላይ ጠበቅ አድርጋለች፤ በአፍ የተጠየቀ ነገር ክፍያ እንደሌለው ትርፍ ሰዓት ነው ትላለች።

ቀጥላ የጻፈችው ብዙዎቻችሁን አስቋል፣ አንዳንዶቻችሁን ግን አስደንግጧል። ወላጅ ስብሰባ ሲሄድ ልጁን አስተርጓሚ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ዘግይታ ደርሳ በሩ ላይ ስትቆም፣ ካውንስለሯ ልጁ ሦስት ኮርስ ሊወድቅ እንደሆነ፣ አልጀብራ ላይ ያላስረከበው የቤት ሥራ መብዛቱን፣ ከትምህርት በኋላ ድጋፍ መቀመጥ እንዳለበት በዝርዝር ስትናገር፣ ልጁ ፊቱ ሳይለወጥ ለእናቱ ደህና ነው አለችሽ ብሎ ተረጎመው። እናትየው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ ካውንስለሯን አቀፈቻት። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ ወላጅን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚው ነጻ ነው፤ ቀደም ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ጭራሽ ለወላጆች የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በአማርኛ ጭምር ያወጣል።

መልስ 17። ከፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ፦ ልጁ የውጭ ቋንቋ ክሬዲቱን በአማርኛ ፈተና ሊያገኝ ይችላል፤ ስፓኒሽ የሚወስድበትን ክፍለ ጊዜ ለሁለተኛ ሳይንስ ያውለዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ፈተናው ጽሑፍ ያለበት መሆኑ ነው፤ ቤት ውስጥ እንደ ጉድ የሚያወራ ልጅ ፊደል ካልቆጠረ ይወድቃል። ይህን ተከትሎ ክሩ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት የት እንዳለ፣ የየትኛው ስልክ ኪቦርድ እንደሚሻል፣ ሐመሩ ሐ ይቅር አይቅር እያለ ብዙ መልስ ወሰደ። ቁጥር አልሰጠኋቸውም። ለፊደሉ ጠብ የራሱን ክር ከፍቻለሁ።

መልስ 18። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ዝም ብሎ ሲያነብ ቆይቶ የገባ። ሁሉም ስለ ሐኪምና ነርስ መሆኑ አስገረመው። እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበሩ በሚያካሂደው የአምስት ዓመት የሙያ ልምምድ እየተከፈለው ተምሮ ወጣ፤ የኮሌጅ ዕዳ የሚባል አያውቅም። ወደዚያ ለመግባት ታዲያ ምን ይጠየቃል? የሃይስኩል ዲፕሎማ፣ በትራንስክሪፕት ላይ ያለፈ የአንድ ዓመት አልጀብራ፣ ከዚያም የሒሳብና የንባብ ፈተና። ጓደኛው አልጀብራውን በጊዜው ስላልያዘ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ተመልሶ እንደተማረው ጻፈ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለው ቶማስ ኤዲሰን የሚባለው ትምህርት ቤት ተማሪው ከመደበኛ ትምህርት ቤቱ ሳይለቅ ግማሽ ቀን ሙያ የሚማርበት ቦታ መሆኑንም ጠቆመ።

መልስ 19። 7 ተመልሶ መጣ። አሜሪካ የመጣው ልጁ ሽቦ እንዲጎትት እንዳልሆነ ጻፈ። 18 በአንድ መስመር መለሰለት፤ የሰባትን ቤት መብራት ማን እንደሚሠራለት ጠየቀው። ከዚያ ሁለቱም የሚጻጻፉት ሌላ ሆነና ለሁለቱም በግል ጽፌላቸዋለሁ። ሳልደብቅ ልናገር፣ በዚህ ክር ውስጥ ከነርሷ ቀጥሎ ጠቃሚውን መረጃ የሰጠው 18 ነው። የሚገርመውም ነርሷም፣ መሐንዲሱም፣ ኤሌክትሪሻኑም በሦስት መንገድ ሄደው የደረሱት አልጀብራ ላይ ነው።

መልስ 20። 25 ሚሊሊትር ያሉት ሰው። አገር ቤት ሰባ ሠላሳ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ምደባ በነበረበት ዘመን ከመቶ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲላክ እሳቸው ሕግ እየፈለጉ ኢንጂነሪንግ ተመደቡ። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ሃምሳ ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታወሱ፤ እዚህ ያሉ ልጆች በስንት አማራጭ ላይ ተቀምጠው እንደሚያማርሩም ታዘቡ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት መልሶች ግን ፖለቲካ ስለሆኑ ዘግቻቸዋለሁ። ይሁንና የእሳቸው ታሪክ ከክሩ ውጭ ነው የምትሉ ተሳስታችኋል፤ ሳይጠየቅ የተመደበ ሰው ልጁንም ሳይጠይቅ መመደብ ይቀናዋል፣ እዚህ ክር ውስጥ ያየነው እሱን አይደል?

መልስ 21። በመጨረሻ አንዲት ካውንስለር ራሷ መጣች፤ አማርኛ ተናጋሪ ናት፣ የምትሠራበትን አልገለጸችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ረጅም ስለሆነ ፍሬውን ላውጣ።

አንደኛ፣ የዓርቡ ቅጽ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ትምህርት ቤቱ መምህርና ክፍል የሚመድብበት ጥያቄ ነው፤ እስከ ሰመር፣ በብዙ ቦታም ትምህርት ከተጀመረ እስከ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይለወጣል። ግን ዘግይቶ የሚለውጥ ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ወንበር ነው። መምህሩ ተራ ኬሚስትሪ ብሎ ቢመክርም ምክር እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በአብዛኛው ትምህርት ቤት ወላጅ ፈርሞ ልጁን ኦነርስ (ከተራው ከበድ ያለው ክፍል) ማስገባት ይችላል። ያ ማለት ግን ልጁ በጥቅምት ሲያለቅስ አብሮ ቁጭ የሚል ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ዕቅዱ ከኋላ ወደፊት ይሠራ አለች። መጀመሪያ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊወሰድ የሚፈለገውን ኮርስ በኮርስ ዝርዝሩ ውስጥ ማግኘት፣ ከሥሩ ቀድሞ መወሰድ አለበት የሚለውን መስመር ማንበብ፣ ወደ አሥራ አንደኛ መውረድ፣ እንደገና ማንበብ፣ እስከ ዘጠነኛ። አናቶሚ በአሥራ ሁለተኛ የፈለገች ልጅ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ቀድመው ካልተወሰዱ መንገዱ አሥረኛ ላይ እንደተዘጋ ወረቀቱ ራሱ ይነግራታል።

ስለ ካልኩለሱ ነርሷንም መሐንዲሱንም ገሠጸች። የሙያ ፍላጎት በዘጠነኛና በአሥራ ሁለተኛ መካከል ይለወጣል፤ ኮርስም፣ ቋንቋም፣ ሳይንስም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ይካካሳል። ለመካካስ የሚያስቸግረው ሒሳብና እንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው፣ ተከታታይ ስለሆኑ። ልጅቷ ሒሳብ የሚቀናት ከሆነ መሰላሉን ትቀጥል፤ የሚያስጨንቃት ከሆነ በአንድ ዓመት ሁለት ሒሳብ ጭኖ ኬሚስትሪውንም መግደል ነው። ጂፒኤውም ይነካል። ያንን ልጅቷ እንጂ መድረኩ አይወስነውም።

ትምህርት ቤቶች ልጆቻችንን ቀላል ክፍል የሚከቱት እያወቁ ነው ወይ ለሚለው የአባትየው ጥያቄ የሰጠችው መልስ ክፉም ደግም አይደለም። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃል ይላል፤ ብዙ ቦታ ግን ከዚያ በላይ ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ዝም ያለች ልጅ ያለችበት መስመር ላይ ትቀጥላለች። የጠየቀ ወላጅ ልጅ ይነሳል። እኔ በከፊል ነው የምስማማው፤ ዝም ያሉ ልጆች በብዛት የእኛ መሆናቸውን ትምህርት ቤቶች ያውቁታል፣ ማወቃቸው ደግሞ ኃላፊነት ያመጣል። መፍትሔዋ ግን ልክ ነው፦ ልጄ እንዴት ናት ብሎ ከመጻፍ፣ ከጂኦሜትሪ ጋር አልጀብራ 2 ትውሰድ ወይስ በሰመር ብሎ መጻፍ፤ የኋለኛው ኢሜይል መልስ ያገኛል።

መልስ 22። መልስ 5ን የጻፈው ተማሪ፣ ካውንስለሯን አመስግኖ፣ በፌርፋክስ ኦነርስ ለጂፒኤ ግማሽ ነጥብ፣ ኤፒ ደግሞ አንድ ሙሉ ነጥብ እንደሚጨምር፣ የክብደቱ አሰጣጥ ከካውንቲ ካውንቲ ስለሚለያይ የጓደኛ ልጅ ጂፒኤ ከራስ ልጅ ጋር እንዳይወዳደር አሳሰበ። ሰባተኛው ሰውዬ አልመለሰለትም። ይህም ጥሩ ነው።

መልስ 23። አባትየው ለመጨረሻ ጊዜ። ሐሙስ ማታ ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ከልጃቸው ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ከኋላ ወደፊት ሞሉት። ኬሚስትሪው ኦነርስ ሆነ፤ ጂኦሜትሪው ወደ ሰመር ሄዶ በቦታው አልጀብራ 2 ገባ፤ ኤፒው ወጣ። ሴራሚክሱም ወደ ቦታው ተመልሷል። ልጅቷ ሆስፒታሉን አይታ ትወስናለች። ለማርች ስብሰባም አስተርጓሚ ጠይቀዋል።

መልስ 24። ሰመር ላይ የሚወሰድ ጂኦሜትሪ የሚሰጡት የትኞቹ ካውንቲዎች በነጻ፣ የትኞቹ በክፍያ እንደሆነ የተጠየቀ ነው፤ እስካሁን አልተመለሰም፣ የምታውቁ ጻፉ።

መልስ 25 እና 26። ከሚኒሶታ፣ ይህ ሁሉ እዚያም ይሠራል ወይ ለሚለው፣ እዚያው ያለ ሰው መልሷል። የመመረቂያ መስፈርቱ ሌላ ነው፤ ሃይስኩል እያሉ ኮሌጅ መማሩ ግን ፒኤስኢኦ በሚባል መርሐ ግብር ከ1985 ጀምሮ አለ። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች በሰፊው ይወስዱበታል፤ አሥረኛ ክፍል ግን የሚጀምረው በአንድ የሙያ ኮርስ ነው። ለመጪው ፎል (መጸው ላይ ለሚጀመረው የትምህርት ዘመን) የሚፈልግ ተማሪ እስከ ሜይ 30 ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ክፍያውን፣ የሚያስፈልጉትን መጻሕፍትም ጭምር፣ ግዛቱ ይችላል፤ መጻሕፍቱ ግን ተመላሽ ናቸው፣ ልጆቹ እንዳይጽፉባቸው ብሏል።